«ሲሲዋ ስንት ነው?» የመኪናን ጉልበት በተመለከተ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ተንፍሶብኝ ጎሚስታ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው የድሮዋን ቪትዝ ይዟል፤ አንድ ሺህ ሲሲ ናት። ሌላው የኤሌክትሪኳን ቢዋይዲ ሲጋል ሊገዛ ቀብድ ከፍሏል። «ያቺ የባትሪ መጫወቻ ቪትዝን አትቀድምም!» ይላል የመጀመሪያው። አንድም ቁጥር ሳይጠሩ ጎማዬ ተለጥፎ አለቀ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና ቤት ገብቼ አሰላሁት። መልሱ እታች አለ። መጀመሪያ ስሌቱን እንያዝ።

መኪና ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል? ክብደቷን ከነሹፌሩ በኪሎ ውሰዱ። ለፈረስ ጉልበቷ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር በግምት ሰከንዱ ነው። አስማት የለበትም። አንድ ኪሎ ነገር 100 ላይ ለማድረስ 386 ጁል ኢነርጂ ይጠይቃል። አንድ የፈረስ ጉልበት ደግሞ በሰከንድ 735 ጁል ይሰጣል። እንግዲህ በወረቀት ከሄድን አንድ ፈረስ አንድ ኪሎን በግማሽ ሰከንድ ያደርሳል። ሌላው ግማሽ ሰከንድ በመንገድ ላይ ይባክናል፦ ማርሽ ሲቀየር፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ሰበቃ፣ አየሩን በመሰንጠቅ። ሞተሩም ቢሆን ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ግምቱ 20 በመቶ ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ለጎሚስታ ቤት ክርክር ግን ይበቃል።

«ሲሲዋ ትልቅ ከሆነ ትበራለች»

እኛ አገር መኪና ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሲሲ ነው። ታክሱም ሲሲ ስለሚቆጥር አይገርምም። ሲሲ ግን ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት የሲሊንደር ይዘት እንጂ ጉልበት አይደለም። ሰማያዊና ነጭ የነበረችውን ላዳ ታክሲ አስታውሱ። ላዳ 2105 ሲሲዋ 1,300 ገደማ፣ ጉልበቷ 64 ፈረስ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ደግሞ በ1,000 ሲሲ 70 ፈረስ ታወጣለች፤ ክብደቷም ወደ 850 ኪሎ ነው። ሹፌር 75 ኪሎ ብለን እናካፍል። ላዳ ወደ 17 ሰከንድ፣ ቪትዝ ወደ 13 ሰከንድ። ፋብሪካው ለላዳ የሰጠው 18 ነበር። ስለዚህ ሲሲ ከመጠየቅ ሊብሬ ገልጦ ኪሎና ፈረስ ጉልበት ማየት ይሻላል።

«ፋብሪካው ያለው ጉልበት የትም ቦታ ያው ነው»

በእኔ እምነት አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚዘነጋው ይሄ ነው። ፋብሪካው ጉልበቱን የሚናገረው በባሕር ወለል አየር ነው። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነውና የሚያወጣው ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍናል። ቱርቦ የሌለው ግን ከ20 እስከ 25 በመቶ ያጣል። (ስስ አየር ለመሰንጠቅም ይቀላል። ግን እሱ የሚጠቅመው በከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ከትራፊክ መብራት ስንነሳ አይሰማንም።)

ወደ ቪትዝ እንመለስ። 70 ፈረሷ አዲስ አበባ ላይ ወደ 54 ይወርዳል። 925 ኪሎ ለ54 ሲካፈል 17 ሰከንድ ነው። ቪትዟ አዲስ አበባ ስትገባ ላዳ ሆነች ማለት ነው። ላዳዋማ ከዚያም የባሰች ነበረች።

ሲጋልስ? ሞተሯ 55 ኪሎ ዋት ነው፤ ወደ 75 ፈረስ። ክብደቷ ወደ 1,160 ኪሎ። ከነሹፌሩ ለ75 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጅቡቲም እንጦጦም ላይ ያው 75 ፈረስ ነው። እንግዲህ በዚህ ስሌት ጅቡቲ ወደብ ላይ ቪትዝ ትቀድማለች፤ አዲስ አበባ ላይ ሲጋል። በዚያ ላይ ሲጋል የምትቀይረው ማርሽ ስለሌላት ከስሌቱም ትሻላለች። ባለ ቪትዙ ጅቡቲ ቢወርድ ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል።

«ፈረስ ጉልበት ለወሬ ነው፤ የሚጎትተው ቶርክ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ባለ ናፍጣዎች ናቸው። ግማሽ እውነት ስላለው ለመንቀል ያስቸግራል።

ቶርክ ማለት ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ግፊት ነው። ክሪክ አስቡ። ጎማ ሲፈነዳ አንድ ቀጭን ሰው አንድ ቶን መኪና በእጁ ያነሳል። ጉልበቱ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ክሪኩ የእጁን ግፊት አበዛለት፤ በምትኩ ደጋግሞ እንዲያዞር አስገደደው። መኪናዋ በጣት በጣት ትነሳለች። የመኪና ማርሽም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ቶርክን እንደፈለገ ያበዛል፤ ዋጋው የዙር መቀነስ ነው። ፈረስ ጉልበትን ግን ምንም ማርሽ አይጨምረውም፤ እሱ ቶርክና ዙር ተባዝተው የሚገኝ ነው።

በቁጥር እንየው። አንዱ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 150 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። ሌላው በ3,000 ዙር 300 ይሰጣል። ሁለተኛው በቶርክ እጥፍ ነው። የሁለቱም ጉልበት ግን 128 ፈረስ ነው። የመጀመሪያው በማርሽ ዙሩን በግማሽ ሲቀንስ ቶርኩ 300 ይሆናል። ጎማው ልዩነቱን አያውቅም።

ታዲያ ናፍጣ ለምን «ጎታች» መስሎ ይሰማናል? ገና በዝቅተኛ ዙር ብዙ ቶርክ ስለሚሰጥ ማርሽ ሳንቀንስ ትወጣለች። ቤንዚኗ ግን ካልጮኸች ጉልበቷ አይወጣም። ብዙ ሹፌር ሞተር ማስጮህ ይፈራል። ስለዚህ 70 ፈረስ ገዝቶ በ35ቱ ይነዳል፤ ከዚያ «ጉልበት የላትም» ይላል።

«ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ስለሚከብድ ሰነፍ ነው»

ከባድ መሆኗ እውነት ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 ሁለት ቶን ታልፋለች። ግን 204 ፈረስ አላት። ከነሹፌሩ 2,200 ኪሎ ለ204 ቢካፈል 11 አይሞላም። ፋብሪካው 8.5 ሰከንድ ይላል። ክብደት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ጉልበት ብቻውንም እንደዚያው። 371 ፈረስ ያለው ሲኖትራክ ከብዙ የስፖርት መኪና በጉልበት ይበልጣል። ከነጭነቱ 30 ቶን ቢሆን ግን እያንዳንዱ ፈረስ 81 ኪሎ ይጎትታል። በቪትዝ 13 ነበር።

ሰውም ጭነት ነው። ቪትዟ ላይ ሦስት ሰው ስንጨምር 1,135 ኪሎ ትሆናለች፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 21 ሰከንድ። በዚህ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይዘናት እንውጣ። በ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በ60 ለመውጣት፣ ለመውጣቱ ብቻ፣ 25 ፈረስ ይበላል። ከ54ቱ ላይ የካምቢዮ ብክነትና የኤሲ ድርሻ ሲቀነስ ለመፍጠን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ዳገት ላይ ኤሲ የሚያጠፋው ሹፌር ቆጣቢ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም ያውቃል።

«በ5 ሰከንድ 50 ከገባች በ10 ሰከንድ 100 ትገባለች»

አትገባም። ኢነርጂው የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ50 ወደ 100 ለመሄድ ከዜሮ ወደ 50 የፈጀው ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል። ሲጋል በፋብሪካው ቁጥር 50 የምትገባው በ4.9 ሰከንድ ነው። ማስታወቂያው ላይ የ50ው ቁጥር ለምን እንደተመረጠ መገመት አያቅትም።

«ጉልበቱን እጥፍ ብናደርገው ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል»

ከዜሮ ወደ 100 ከሆነ በስሌታችን እውነት ነው። ቀጥ ያለ የ400 ሜትር ውድድር ላይ ግን ሰዓቱ የሚከተለው ክብደት ለጉልበት ተካፍሎ የሚወጣውን ቁጥር ሦስተኛ ሥር ነው። ጉልበት እጥፍ ሲሆን የሚቀነሰው 21 በመቶ ብቻ ነው። ለዚያውም ጎማው አስፋልቱን ከያዘ። የተላጨ ጎማ ላይ 200 ፈረስ መጫን ጭስ ማምረት ነው። ማርሚታ የሚበሱት ልጆች ደግሞ ጭሱንም አላገኙ፤ ያተረፉት ጩኸት ነው።

«አሜሪካ ያሉት መኪኖች ይፈጥናሉ»

የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ስለ መኪናው ሲያወራ «ዜሮ ቱ ሲክስቲ» ይላል። 60 ማይል ግን 96.6 ኪሎ ሜትር እንጂ 100 አይደለም። ትንሽ ይመስላል፤ በኢነርጂ ግን 7 በመቶ ቅናሽ ነው። አንዳንድ የአሜሪካ መጽሔቶች ደግሞ ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት መኪናዋ የመጀመሪያዋን 30 ሳንቲ ሜትር ከሄደች በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርኩለት። «እሺ፣ የኔዋ በእናንተ ስሌት ስንት ትገባለች?» አለኝ። ክብደቷን ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ሲሲዋን ልንገርህ?» አለ።