ቀጠሯቸው የደረሰ መበለቶች፦ ያረፈ ጠበቃን ስለ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጣቢታ በኢዮጴ ታማ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ በቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ቆሙ፤ የሠራችላቸውንም ቀሚስና ልብስ አሳዩት (የሐዋ. 9፥39)። ሰው የሚወደው ጠበቃ በካንሰር ሲያርፍብን እኛስ ምን እናሳያለን? የጠበቃ ሥራ ያለው በመዝገብ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ገና ያላለቀ አለ።

አስቀድሞ ስለ ሕይወት ታሪኩ። በቀብር ቀን የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ቦታና የትምህርት ማስረጃ ይደረድርና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ ያልፋል። ቤተሰብ ከፈቀደ ካንሰር ተብሎ ቢጻፍ ነውር የለውም። የሚደበቀው «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» እንዳይባል ተፈርቶ ነው፤ ጌታ ግን ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሏል (ዮሐ. 9፥3)። መታከሙንም እንደ እምነት ማነስ የሚቆጥር ካለ ኢሳይያስ 38ን ያንብብ፤ ጸሎቱ ለተሰማለት ለሕዝቅያስም የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ ተደርጎለታል።

ጽሑፉ ከሥልጣኑ ይልቅ ለማን እንደ ቆመ ይናገር። ጻድቁ ኢዮብ ለድሀ አባት እንደ ነበረ፣ የማያውቀውንም ሰው ሙግት እንደ መረመረ ስለ ራሱ መስክሯል (ኢዮ. 29፥16)። ነገር ግን የደንበኛ ስም አይጠራ። ምስጢር ጠባቂነት በጠበቃው ሞት አያበቃም። «ባሏ ሞቶባት ቤቷን ሊነጥቋት ሲሉ» ተብሎ ቢነበብ የሰፈሩ ሰው ሴትየዋን ወዲያው ያውቃታል፤ አስቀድማችሁ ፈቃዷን ጠይቁ።

ለፍትሐትና ለቅዳሴ የክርስትና ስሙን ለካህናቱ ስጡ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይቸገራል፤ ልጆች የአባታቸውን የክርስትና ስም አያውቁትም፤ እናቱ ወይም የንስሐ አባቱ ሳይጠየቁ 40ው ይደርሳል። ቀኑ የሚቆጠረው ካረፈበት ዕለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ መታሰቢያው እዚያ ላይ የሚውል ከሆነ ቀድማችሁ ከካህናቱ ጋር ተነጋገሩ። ድግሱን አሳንሱት፤ በዕዳ የተደገሰ ተዝካር ለሟቹም ለቋሚውም አይጠቅምም። ከዚያ በተረፈው ለጨረር ሕክምና ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የመጣ ድሀ ማደሪያ ቢያገኝበት ይሻላል፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን እየተሰጠ ለሳምንታት ይቀጥላልና፣ ታካሚው ተመላልሶ አይችለውም።

አሁን ወደ መዝገቦቹ እንምጣ። «ለድሀ አደጉ ፍረዱለት፥ ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ» የሚለው ቃል (ኢሳ. 1፥17) ጠበቃው ሲያርፍ አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው ውክልናው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2230 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ተወካዩ ሲሞት ውክልና ያበቃል። ደንበኛዋ ይህን ሳታውቅ «ጠበቃዬ ይቀርብልኛል» ብላ ቤቷ ትቀመጣለች። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሹ ቀርቦ ከካደ መዝገቡ ይዘጋል።

ስለዚህ በለቅሶው ሳምንት ውስጥ የጥብቅና ፈቃድ ያለው አንድ የሥራ ባልደረባ ከቤተሰቡ ጋር ቢሮውን ይክፈት። ፋይሎቹን ዘመድ አይገላልጥ፤ ምስጢሩ እዚህም ይጠበቃል። አጀንዳውንና የስልኩን ቀን መቁጠሪያ አይቶ መዝገቦቹን በቀጠሮ ቀን ቅደም ተከተል ይደርድር፤ ለየደንበኛውም ይደውል። ብዙዎች የሚስቱት ግን አጀንዳው ላይ የሌለውን ነው። ፍርድ ተሰጥቶ ይግባኝ ብቻ የሚጠብቅ ጉዳይ ቀጠሮ የለውም፤ ጊዜው ግን ይቆጥራል፤ በፍትሐ ብሔር 60 ቀን፣ በሥራ ክርክር 30 ቀን። እነዚህን ለይቶ ማውጣት ከሁሉ ይቅደም። የቤት ካርታ፣ ውልና ሌላ ዋና ሰነድ ለባለቤቱ በፊርማ ይመለስ።

ቀጠሮዋ የቀረበባት እናት በራሷ ቀርባ ጠበቃዋ ማረፉን ለችሎቱ ትንገር፤ አዲስ ውክልና እስክትሰጥም ጊዜ ትጠይቅ። ሳትሰማ ቀርታ መዝገቡ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 74 መሠረት በ1 ወር ውስጥ የቀረችበትን ምክንያት አስረድታ እንዲከፈትላት ማመልከት ትችላለች፤ የጠበቃው የሞት የምስክር ወረቀት ቅጂ ይያያዝ።

የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ምእመናን፣ ጠበቃ በየዓመቱ የተወሰነ ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ድሆችን ማገልገል ይጠበቅበታል። የዘንድሮውን ሰዓታችሁን የወንድማችሁ ድሆች ደንበኞች ይውሰዱት፤ ቆሞ የቀረውን ጉዳይ ከመካከላችሁ ማን እንደሚይዘው 40ው ሳይደርስ ተከፋፈሉ።