ከካሴት ሎድ ማድረግ ምንድን ነው?

የጌም ድምፅ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ተኩሱ ወይም ሙዚቃው ነው። እኔ የማወራው ግን ጌሙ ራሱ ድምፅ ስለነበረበት ጊዜ ነው። ጌሙ ካሴት ላይ ይቀረጻል። ካሴቱ በተራ ቴፕ ሪከርደር ይከፈታል። ድምፁ በአንዲት ቀጭን ገመድ አድርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ከካሴት ሎድ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ብታዳምጡት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው፤ ፋክስ ማሽን ላይ በስህተት ስትደውሉ የሚመጣባችሁ ዓይነት።

ነገሩ የመጣው ከችግር ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር መገጣጠም ሲጀምር የዲስክ ማንበቢያ በጣም ውድ ነበር። ቴፕ ሪከርደር ግን የብዙ ሰው ቤት ውስጥ ነበረ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1975 ባይት የተባለው የኮምፒውተር መጽሔት አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ላይ ስብሰባ ጠራ። እዚያ የተሰበሰቡት ሰዎች በአንድ አሠራር ተስማሙ፦ 0 ማለት በ1200 ኸርዝ 4 ዑደት፣ 1 ማለት በ2400 ኸርዝ 8 ዑደት። ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ቢት ነበር፤ ቢት ማለት አንዲት 0 ወይም 1 ናት። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሠራ። በኋላ የመጡት ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘዴ ይዘው መጡ።

እኔ ያደግኩት በዜድኤክስ ስፔክትረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣች ትንሽ ጥቁር ማሽን ናት። የጎማ ቁልፎቿ ልክ እንደ ላጲስ ናቸው። ጌም ለመክፈት ጄ የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ሎድ የሚለው ቃል ባንዴ ሙሉውን ይጻፋል። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ትምህርተ ጥቅስ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ቴፑ ላይ ፕሌይ። በቃ። የቀረው መጠበቅ ነው።

ማሽኗ እንደኛ አትሰማም። የምታውቀው በገመዱ የሚመጣው ምልክት ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ብቻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከተገለበጠ (ከከፍታ ወደ ዝቅታ ወይም ከዝቅታ ወደ ከፍታ ከዞረ) እንደገና እስኪገለበጥ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ትቆጥራለች። አጭር ከሆነ 0 ነው፤ የዚያ እጥፍ ከሆነ 1 ነው። በአማካይ በሰከንድ 1500 ቢት ገደማ ታነባለች። 48 ኪሎባይት ሚሞሪዋን ጢም አድርጎ ለመሙላት ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ፦ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ፣ አንድ ሙሉ ጌም 12 ሜትር ተኩል ያህል ቴፕ ነው። አንዷ ቢት የምትይዘው ቦታ ደግሞ ከሚሊሜትር 3 መቶኛ ገደማ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ለ5 ሰከንድ ያህል አንድ ወጥ «ቲይይይይ» ይመጣል። መረጃ እየመጣ ነው፣ ተዘጋጂ እንደማለት ነው። በዚህ ጊዜ የስክሪኑ ዙሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመር እየሆነ ይንከባለላል። ከዚያ ድምፁ ይሻክራል፤ መስመሮቹም ቀጥነው ሰማያዊና ቢጫ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ይህ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። አይደለም። የሚያነበው ፕሮግራም ምልክቱ በተገለበጠ ቁጥር የዙሪያውን ቀለም ይቀይራል። ስለዚህ መስመሮቹ ቢቶቹ ራሳቸው ናቸው፦ ወፍራሙ 1፣ ቀጭኑ 0። መረጃ ሲፈስ እንዲህ በዓይን የሚታይበት ማሽን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ሥዕሉ ይመጣል። ጌሙ ከመግባቱ በፊት አንድ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ይሣላል፤ ሰው እየጠበቀ እንዳይሰለች። አሣሣሉ ግን ግራ ያጋባል። ከላይ ወደ ታች በተርታ አይወርድም። ስክሪኑ ከሦስት ይከፈላል። በእያንዳንዱ ሲሶ ውስጥ መጀመሪያ በየ8 መስመሩ አንድ መስመር ይሣላል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጥርስ ሥር ሌላ መስመር ይጨመራል። ስምንት ዙር ሲሞላ ሲሶው ያልቃል፤ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ምክንያቱ የሚሞሪው አቀማመጥ ነው፤ ባይቶቹ በተርታ ሲገቡ ስክሪኑ ላይ የሚያርፉት በዚያ መልክ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ 768 ባይት፣ 4 ሰከንድ ገደማ። ያቺ 4 ሰከንድ! ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች በቀለም ሲለብስ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ አሁንም ያስደስተኛል።

አሁን ወደ ክፉው ነገር። እያንዳንዱ ጥቅል መረጃ መጨረሻው ላይ አንዲት መቆጣጠሪያ ባይት አለችው። ማሽኗ የገባውን ሁሉ ደምራ (በትክክል ድምር አይደለም፣ ግን እንደዚያ አስቡት) ከዚያች ባይት ጋር ታስተያያለች። ካልገጠመ «አር ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ብላ ትጽፋለች። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። በሁለተኛው ሰከንድ አንዲት ቢት ተሳስታ ከሆነ እንኳ የምታውቁት 4 ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ነው። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የቴፕ ሪከርደሩ እንጂ የካሴቱ አይደለም። ቮልዩሙ ካነሰ ምልክቱ አይደርስም፤ ከበዛ ይበላሻል። ሁላችንም ቮልዩሙ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርናት ምልክት ነበረችን፤ ያንን የነካ ወዮለት። ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ማለትም ሄዱ፣ ከቆሸሸ በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል። ሄዱ ከተጣመመ ደግሞ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ እያዞሩ ጩኸቱ የጠራ እስኪሆን ማዳመጥ ነው። ጆሮ ይለምዳል። የታፈነ ድምፅ ስሰማ «ይሄ አይገባም» እል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም አይገባም።

ኮሞዶር 64 የተባለው ሌላ የቤት ኮምፒውተር ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። የራሱ ቴፕ ማጫወቻ ነበረው፤ መረጃውንም ለጥንቃቄ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጽፈው ነበር። አስተማማኝ ነው፣ ግን ኤሊ ነው። የጌም ሠሪዎቹ ቱርቦ ሎደር የሚባል የራሳቸውን ፈጣን ማንበቢያ ጽፈው ገላገሉን። አንዳንዶቹ እየጠበቃችሁ ሙዚቃ ያሰሙ ነበር፤ ትንሽ ጌም የሚያጫውቱም ነበሩ።

ጌሙ ድምፅ ከሆነ ደግሞ በሬዲዮ መላክ ይቻላል። ተልኳልም። እ.ኤ.አ. በ1983 ቤልግሬድ ውስጥ ዞራን ሞድሊ የተባለ አዘጋጅ ቬንቲላተር 202 በተሰኘው የሬዲዮ ፕሮግራሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ያስተላልፍ ጀመር። አድማጩ ሬዲዮውን ከቴፕ ጋር አገናኝቶ ይቀርጻል፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሎድ ያደርጋል። ሳይፈልግ ጣቢያውን የከፈተ ሰው ምን እንዳለ አስቡት።

ዛሬስ? የድሮዋን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በኢሙሌተር፣ ሁሉም ነገር በአንድ ሰከንድ ይከፈታል። እኔ ግን ፈጣኑን መንገድ አጥፍቼ ጩኸቱን እሰማለሁ፤ እብደት ነው፣ አውቃለሁ። እውነተኛዋ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ቴፕም አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁን በኢርፎን ገመድ አገናኙት፤ ድምፁን እስከ ጥግ ክፈቱት፤ ኢኳላይዘር የሚባል ነገር ካለ አጥፉት። ለሙዚቃ የሚያሳምረው ነገር ሁሉ ለቢት መርዝ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር፦ አንዷ ቢት ከሚሊሜትር 3 መቶኛ ገደማ ናት፤ ስለዚህ የአንድ ሚሊሜትር ጭምድድ እንኳ 30 ያህል ቢት ይነካል። ልጅ ሆኜ የምወደውን ጌም ቴፕ ሪከርደሬ በላብኝ። አውጥቼ በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት፤ ግን አንድ ቦታ ተጨማድዶ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልገባም። ከብዙ ዓመት በኋላ ካሴቱን ላፕቶፕ ላይ ቀዳሁትና ሞገዱን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት። 3 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሞገዱ እንደ ክር የሚቀጥንበት አንድ ቦታ አለ። ጭምድዷ ናት። ያንን ቦታ ብቻ ለይቼ ድምፁን ከፍ አደረግኩትና ወደ ስፔክትረሟ መልሼ አጫወትኩት። ሰማያዊና ቢጫ ተንከባለለ፤ 4 ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ገባ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሦስቱንም ላይፍ ጨረስኩ።