ላንድስኬፕ (የተፈጥሮ መልክዓ ምድር ፎቶ) ማንሳት ያቆምነው በማናቸው ሰበቦች ነው? ከነእውነታቸው

ካሜራዬ ቁምሳጥን ውስጥ ስምንት ወር ከርሟል። ማንም አልከለከለኝም፣ በቃ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "የሚቀጥለው ሳምንት" እያልኩ ነው። በዛ መሃል ለራሴ ስደረድራቸው የነበሩት ሰበቦች እነዚህ ናቸው፣ ቆይቼ ሳያቸው አብዛኞቹ ውሃ አይቋጥሩም።

"ካሜራው ስላረጀ ነው፣ አዲስ ብገዛ ፍላጎቴ ይመለሳል"

ይመለሳል፣ ለሁለት ሳምንት። ሰፊ ሌንስ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ካሜራን የሚጎዳው እንደውም ሳይነካ መቀመጡ ነው፤ ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመውን ሌንሴን ሳወጣው ውስጠኛው መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቶበታል። ፈንገስ ነው፣ ጨለማና እርጥበት ይወዳል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል አትጣሏት፣ ቦርሳው ውስጥ ክተቷት።

"እጄ ጠፍቷል፣ ብርሃኑ እንደ ድሮው አይመጣልኝም"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚች ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ሰዎች ብዙዎቹ አይስላንድ ኖርዌይ ምናምን ናቸው፣ እዛ ፀሐይ አድማሱን ታካ ወደ ጎን እየሄደች ስለምትወጣ ወርቃማው ብርሃን ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ሰውዬው ቡናውን እየጠጣ ትራይፖዱን (የካሜራ ማቆሚያውን) ሦስት ቦታ ይተክላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ የኛዋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ያ ለስላሳ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። እንጦጦ ላይ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠመውን መስታወት) ከቦርሳ ስፈልግ ያመለጠኝ ጠዋት ቁጥር የለውም፣ ከዛ ቤት ገብቼ "ድሮ ይሻለኝ ነበር" እላለሁ። እጄ አልጠፋም እኮ፣ ዘግይቼ ነው! ቦታውን ቀድሞ አይቶ፣ በጨለማ ደርሶ፣ ፍሬሙን ጨርሶ መጠበቅ ነው። ደግነቱ የኛ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፣ እንደ አውሮፓ በጋ ሌሊት 10 ሰዓት ካሜራ ደቅኑ የሚለን የለም።

"ሰሜን ተራሮች ወይ ባሌ ካልሄድኩ ምን አነሳለሁ"

ሰሜንን ማን ይጠላል። ግን መኪናው፣ ወጪው፣ ፈቃዱ ሲደመር በዓመት አንዴ ቢሳካ ነው፣ በመሃል እጅ ይቀዘቅዛል። ታዋቂው አሜሪካዊ የላንድስኬፕ ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ካሊፎርኒያ ያለውን የዮሰሚቲ ፓርክ መጀመሪያ ያየው በ1916 በ14 ዓመቱ ነው፣ ከዛ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እዛው ሲመላለስ ኖረ። እኔም አሁን ታክሲ የሚያደርሰኝ አንድ ገደል መርጫለሁ።

"ክረምት ላይ ምንም አይነሳም"

ኧረ ተቃራኒው ነው። በበጋ አቧራና ጭሱ አድማሱን ያነጣዋል፣ ሩቅ ያለው ተራራ ቀለሙ የለቀቀ ጨርቅ ይመስላል። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል፣ በሁለት ዝናብ መሃል ደመናው ተቀዶ አንድ ማሳ ላይ ብቻ ብርሃን ሲወርድ፣ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቶ ሰማዩን ሲያሳይ፣ ከዛ መስከረም ላይ አደይ አበባ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ሲመጣ፣ ይሄን ሁሉ ቤት ተቀምጦ ማሳለፍ ያሳዝናል። ጢስ ዓባይ ሚያዝያ ላይ ሄዳችሁ ቀጭን ውሃ ካያችሁ ጥፋቱ የናንተ አይደለም፣ ደረቅ ወር ነው፣ ያለውም ውሃ ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሂዱ። ለዝናቡ ፌስታል ቀዶ ካሜራው ላይ ማጥለቅ በቂ ነው፣ ያስቃል ግን ይሠራል።

"ላይክ ካላገኘ ፎቶው ደካማ ነው"

ስልክ ላይ በአውራ ጣት ለሚያልፍ ሰው ጭጋግ የለበሰ ሸለቆ ምኑም አይደለም። እለፉት።

"አሁን ብመለስ ከዜሮ ነው የምጀምረው"

ባለፈው ሳምንት ሃርድ ዲስኬን ከፍቼ ከሁለት ዓመት በፊት የወንጪ ሐይቅ ላይ ያነሳኋቸውን ራው ፋይሎች (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጣቸውን ፎቶዎች) አየሁ። አንዷን ያኔ "ደብዛዛ" ብዬ አልፌያታለሁ፣ ጭጋጉ ውስጥ የፈረስ ጀርባ ብቻ ይታያል። አሁን የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ናት። ለነገ አላርሙን 10 ተኩል ሞልቻለሁ፣ ፌስታሉም ቦርሳው ኪስ ውስጥ ነው።