መሬት አይሸጥም፤ ታዲያ ዋጋው ከየት መጣ?

ቦሌ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ሲሸጥ ውሉ ላይ «ቤት» ይጻፋል፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የቦታው ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ። በ1986 ሊዝ ገባ፤ በካሬ ሜትር ተጫርቶ ለተወሰነ ዘመን ቦታ መያዝ ማለት ነው።

በአዋጅ 721/2004 የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ገዢ የሚዘነጋው ግን ሌላውን ነው፦ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ግንባታው ሳይጋመስ መብቱን የሸጠም ትርፉን ሁሉ አይወስድም። የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው ሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ይደርሰዋል። አጥሮ ማስቀመጥን ለመግታት የታሰበ ነው።