ክራዮባሉን አብሌሽን ለኤኤፍ ምን ያህል ይሰራል፣ ለጅማና አካባቢዋ ታማሚስ?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ባጭሩ ኤኤፍ የሚባለው፣ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በስርዓት መምታታቸውን ትተው ዝም ብለው ሲርገበገቡ የሚመጣ የምት መዛባት ነው። ታማሚው "ልቤ ይመታብኛል፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል" ብሎ ነው ሚመጣው፣ አንዳንዱ ደሞ ምንም ሳይሰማው ከርሞ ስትሮክ ሲመታው ነው ሚታወቀው። የእጅ ምት የምትቆጥር ነርስ ቶሎ ትጠረጥራለች፣ ሁለት ምት ተከታትሎ ይመጣና ይቆያል፣ ከዛ አንድ ደካማ፣ ከዛ ሶስት ባንዴ፣ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀርጸው ምርመራ) ሲነሳ ይረጋገጣል። ትልቁ አደጋ ደም እዛ ክፍል ውስጥ ረግቶ ወደ ጭንቅላት መሄዱ ነው፣ ኤኤፍ ያለበት ሰው የስትሮክ አደጋው ከሌለበት ሰው 5 እጥፍ ገደማ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው) የፈረንሳይ ቦርዶ ሀኪሞች፣ በፕሮፌሰር ሚሼል ሃይሳጌር መሪነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሄን ረብሻ የሚያስነሳው ኤሌክትሪክ ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት 4 የደም ስሮች እንደሚነሳ አሳዩ። ከዛ በኋላ ህክምናው ቀጥታ ሆነ፣ ስሮቹ ልብ ላይ በሚገጥሙበት ቦታ ዙሪያውን ጠባሳ ሰርቶ ኤሌክትሪኩ እንዳያልፍ መዝጋት፣ አብሌሽን የሚባለው ይሄ ነው። በሙቀት የሚሰራው ሬዲዮፍሪኩዌንሲ ነጥብ በነጥብ እየተኮሰ ይዞራል፣ ክራዮባሉን፣ በብርድ የሚሰራው ባሉን፣ ግን ዙሪያውን ባንድ ጊዜ ያቀዘቅዘዋል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በብሽሽት የደም ስር ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል፣ የቀኝና የግራ የላይኛውን ክፍል የሚለየው ግድግዳ በመርፌ ይበሳል፣ ብዙ ጊዜ 28 ሚሊሜትር የሆነው ባሉን ይነፋና የስሩ አፍ ላይ ይለጠፋል። ኮንትራስት፣ ኤክስሬይ ላይ የሚታይ ፈሳሽ፣ ተረጭቶ በኤክስሬይ ይታያል፣ ወደ ኋላ ካፈሰሰ በደንብ አልዘጋም ማለት ነው፣ ከዘጋ ናይትረስ ኦክሳይድ ባሉኑ ውስጥ ይለቀቅና ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 እና 50 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፣ ለ3 ወይም 4 ደቂቃ። የቀኝ ስሮች ሲቀዘቅዙ የሚደረገው ነገር ለኔ ከሁሉም ያስደንቃል። ድያፍራምን፣ ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ፍሬኒክ ነርቭ እዛው አጠገብ ስለሚያልፍ ነርቩን በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ አንድ ሰው እጁን የታማሚው ሆድ ላይ አድርጎ እያንዳንዷን መኮማተር ይከታተላል፣ መኮማተሩ ሲደክም ወዲያው ማቀዝቀዙ ይቆማል። ማሽን ተደርድሮ የሰው መዳፍ ነው የሚጠብቀው።

ወደ ውጤቱ እንምጣ። በ2013 የታተመው ስቶፕ ኤኤፍ ጥናት 245 ሰው ነበረው፣ የምት ማስተካከያ መድሀኒት ሞክረው አልሰራላቸው ካሉት ውስጥ በ1 ዓመት ባሉን ከተሰራላቸው 69.9 በመቶ ሲሳካ በመድሀኒት 7.3 በመቶ ብቻ። በ2016 ፋየር ኤንድ አይስ 762 ሰው ላይ ከሙቀቱ ጋር አወዳደረው፣ ያልተሳካው በባሉን 34.6 በመቶ፣ በሙቀት 35.9 በመቶ፣ ማለትም እኩል ናቸው። ቀጥሎ ጥያቄው ለምን መድሀኒት እስኪከሽፍ እንጠብቃለን ሆነ፣ የካናዳው ኧርሊ ኤኤፍ 303 ሰው ላይ ገና ከጅምሩ ባሉን ሞከረ፣ በ1 ዓመት መዛባቱ የተመለሰባቸው 42.9 በመቶ፣ በመድሀኒት 67.8 በመቶ። 42.9 ብዙ ሊመስል ይችላል ግን ሁሉም ከቆዳ ስር መቅረጫ ተተክሎላቸው ነበር፣ አጭር መዛባት እንኳ ይቆጠራል፣ ምልክት ያለው መመለስ በባሉን 11 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚ "ይፈውሳል ወይ" ላለ ሰው ትክክለኛው መልስ በብዙ ሰው ላይ ህመሙን ያሳንሳል፣ ወደ ቋሚ መዛባት እንዳይሄድም ያዘገያል፣ የተወሰኑት ግን ድጋሚ ያስፈልጋቸዋል የሚለው ነው። ኤኤፉ ሳያቋርጥ ከሳምንት በላይ ለቆየባቸው ውጤቱ ዝቅ ይላል፣ በአንድ ጥናት በ1 ዓመት 54.8 በመቶ ነበር።

ችግሮቹ፦ በፋየር ኤንድ አይስ ከሆስፒታል ሲወጡ የፍሬኒክ ነርቭ ጉዳት የነበረባቸው 2.7 በመቶ ናቸው፣ በዓመቱ 0.3 በመቶ ቀርቷል። ብሽሽት ላይ መድማት፣ ልብ ዙሪያ ደም መጠራቀም፣ ስትሮክም አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

አሁን ወደ ጅማ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የደቡብ ምዕራቡ ሪፈራል ነው፣ ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን ታማሚ ይመጣበታል፣ እዛ በኤኤፍ ከሚመጡት ውስጥ ብዙ ወጣቶች አሉ፣ ምክንያታቸውም በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ህመም ያመጣው ሪውማቲክ የልብ ህመም ነው። ማይትራል ቫልቩ፣ በግራዎቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መሀል ያለው በር፣ ጠቦ የግራው የላይኛው ክፍል ተለጥጧል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የመጡት ግን በአብዛኛው ቫልቫቸው ጤነኛ ከሆነና ኤኤፉ መጣ ሄድ ከሚልባቸው ሰዎች ነው፣ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለባቸው በነዚህ ጥናቶች ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ 70 በመቶ ይሳካል ብሎ ለነሱ መንገር ልክ አይደለም። ለነሱ መጀመሪያ ቫልቩ ነው። በባሉን ቫልቭ ማስፋት የሚባለውን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ ቤተሰቦች አሉ፣ ያኛው የጠበበውን ቫልቭ ይከፍታል እንጂ ምንም አያቀዘቅዝም።

ደም ማቅጠኛም ላይ ልዩነት አለ። በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ከ4500 በላይ የሪውማቲክ ኤኤፍ ታማሚዎች ላይ እንዳሳየው ዋርፋሪን ዓይነቱ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይበልጣል፣ ሞትም ያነሰው በሱ ነው። ዋርፋሪን ደሞ አይኤንአር፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ መለካት ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ 2 እና 3 መሀል እንዲሆን። ጎመን ባንዴ ማብዛት ወይ ባንዴ ማቆም ቁጥሩን ይረብሸዋል፣ መጠኑ እኩል ከሆነ ግን ጎመን አይከለከልም፣ ይሄን ለገጠር ታማሚ አስረግጦ መንገር በጣም ያስፈልጋል።

እንቅርትም መታየት አለበት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ኤኤፍ ያመጣል፣ እሱ ሲታከም ምቱ ራሱ ሊስተካከልም ይችላል። ጫት የልብ ምትና ግፊት ስለሚጨምር ቢቀር ይሻላል። ቡና በልኩ ሲጠጣ ኤኤፍ ያመጣል የሚለው ግን በጥናት አልተደገፈም፣ ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው መባል ለሚከብደው ይሄ መልካም ወሬ ነው።

እና ስለ ክራዮባሉን መጠየቅ ያለበት ማነው? ኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ቫልቩ ደህና የሆነ፣ ታይሮይዱ የታየ፣ ኤኤፉ መጣ ሄድ እያለ የሚያስቸግረው፣ መድሀኒት ያልሰራለት ወይም ያልተስማማው፣ ገና ጊዜው ሳይሄድ። ስራውን የሚሰሩ የልብ ኤሌክትሪክ ስፔሻሊስቶች በአገራችን በጣም ጥቂት ናቸው፣ ስለዚ ሪፈር ሲባል ኢሲጂውንና ኢኮውን ይዞ መሄድ ነው። ከተሰራ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ወራት ምቱ ቢረበሽ ከሸፈ አይባልም፣ ጠባሳው ገና እየዳነ ነው። ደም ማቅጠኛው በዛ ጊዜ አይቋረጥም፣ ከዛም በኋላ መቀጠሉ የሚወሰነው በእድሜ፣ በግፊት፣ በስኳርና ካሁን በፊት ስትሮክ በመኖር አለመኖሩ እንጂ "አሁን ደህና ነኝ" በማለት አይደለም።