ታይሚንግ ምንድን ነው? «ፈጣን ነው» ማለት አይደለም

ሰዎች ስለ «ማውስ ትረብል» ሲጽፉ አንድ አባባል ደጋግሞ ይመጣል። «ታይሚንጉ ጉድ ነው፤ እንዴት እንደሚፈጥን!» ፊልሙ መወደዱ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣ፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የቶምና ጄሪ ፊልም ነው። ቶም አይጥ ስለ መያዝ የተጻፈ መጽሐፍ ያገኛል። ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበ ጄሪን ለመያዝ ይሞክራል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በራሱ ላይ ይዞርበታል። የአጭር አኒሜሽን ኦስካርንም አሸንፏል። ሲወደስ የኖረ ሥራ ስለሆነ አሁንም መወደሱ አይገርምም። ምስጋናው የተሳሳተ ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ አስተያየት ሰጪ ነው። ፊልሙን አሳጥሮ አጋራው። ገጸ ባሕሪያቱ የሚቆሙባቸውን፣ የሚያዩባቸውን፣ ዝም የሚሉባቸውን ቦታዎች ቆርጦ አውጥቷል። ከላይ «ታይሚንጉ የተስተካከለ» ብሎ ጻፈበት። ብዙ ሰውም «አሁን ነው የሚያስቀው» አለው። እኔ በአኒሜሽን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። በእኔ ሙያ ያ ሰው ያወጣው ታይሚንጉን ራሱን ነው።

ታይሚንግ አንድ ነገር ስንት ፍሬም እንደሚቆይ መወሰን ነው። ፍሬም ማለት ፊልሙ የተደረደረበት አንድ ነጠላ ምስል ነው። «ነገር» ስል እንቅስቃሴን ብቻ አይደለም። እንቅስቃሴ አለመኖሩንም ጭምር ነው። የፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም አለው። ቶም እጁን ለመዘርጋት ስድስት ፍሬም ሊወስድ ይችላል። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ግን ስንት ፍሬም ቆሞ ያያል? ወጥመዱ ከያዘው በኋላ ስቃዩ ወደ ጩኸት እስኪለወጥ ስንት ፍሬም ያልፋል? አብዛኛው የሙያው ጭንቀት ያለው እነዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕሪው ሳይንቀሳቀስ የሚቆይበትን ጊዜ እኛ «ሆልድ» እንለዋለን። ተመልካች ሆልድን ሲያይ ሥራ የቆመ ይመስለዋል። ሠሪው ግን አንዲቱን ፍሬም ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ረጅም ሰዓት ሲሟገትባት ቆይቷል።

የሣጥኑን ትዕይንት እንየው። መጽሐፉ ለአይጡ ያልጠበቀውን ስጦታ ስጠው ይላል። ቶም የስጦታ ሣጥን ውስጥ ይደበቅና ከጄሪ ቀዳዳ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጄሪ ይወጣል። ሣጥኑን ያንኳኳል። መልስ የለም። መርፌዎች ያመጣና ሣጥኑ ላይ ይሰካል። አሁንም ድምፅ የለም። ከዚያ መጋዝ ያመጣና ሣጥኑን መሐል ለመሐል ይገዘግዘዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቶምን አናየውም። ጄሪ ወደ ውስጥ አጮልቆ ያያል። ምራቁን ዋጥ ያደርጋል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «እዚህ ቤት ሐኪም አለ?» የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ያሳየናል።

እስቲ ፈጣኑ የቱ ጋ ነው? አንድም ፈጣን ነገር የለም። ጄሪ ተረጋግቶ ነው የሚሠራው። ሣጥኑ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሚያስቀን በጭንቅላታችን ውስጥ የምንስለው ቶም ነው። ያንን ቶም ለመሳል ደግሞ ጊዜ ያስፈልገናል። ጄሪ አይቶ ምራቁን በዋጠበት ቅጽበትና ጽሑፉ በወጣበት ቅጽበት መሐል ያለችው ክፍተት ለእኛ የተሰጠች ናት። ቆራጩ ሰውዬ በመጀመሪያ ያወጣት እሷን ነው። መርፌ፣ መጋዝ፣ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አናስብም ግን።

አዝማሪ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። እንግዳ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል። የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል። ከዚያ ማሲንቆው ይገባል። አዝማሪው የሚነካው ሰው ወደ ተቀመጠበት ዞር ይላል። ቤቱ ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ ነው። ሰውየውም ገምቷል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ያኔ ሁለተኛው ስንኝ ይወርዳል፣ ቤቱም በሳቅ ይፈነዳል። አሁን ማሲንቆውን አውጡት። ሁለቱን ስንኞች አንድ ላይ ደርድሯቸው። አንድ ቃል አልተለወጠም፣ ቤቱም ይመታል፤ ሳቁ ግን የለም። ከሳቁ በኋላ ያለውንም አስቡት። ጎበዝ አዝማሪ ሳቁ ሳይበርድ ሌላ ግጥም አይጀምርም፤ ቢጀምር ማንም አይሰማውም። ብልጫው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሲሞላ ረዘም አድርጎ ይጠብቃል፤ ሰው ሲያንስ ያሳጥራል። ፊልም ይህን ማድረግ አይችልም። ከፊልሙ ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ቢል ሃና የሰዉን ሳቅ ከወራት በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ መገመት ነበረበት። የገመተውም በመቶ የሚቆጠር ሰው ለሞላበት ሲኒማ ቤት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ለአስተያየት ሰጪው እቀበልለታለሁ። ብቻችሁን፣ በስልክ፣ በታክሲ ውስጥ ስታዩት አንዳንዱ ሆልድ ሊረዝምባችሁ ይችላል። ለብዙ ሰው ሳቅ የተተወ ቦታ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ስሜቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን መቀስ አይደለም።

ሃናና ሌላው ዳይሬክተር ጆሴፍ ባርቤራ ሥራቸውን የከፋፈሉበት መንገድ ራሱ ታይሚንግ ምን ያህል የራሱ ሙያ እንደሆነ ያሳያል። ባርቤራ ታሪኩንና ቀልዶቹን ይስላል። ሃና ደግሞ ጊዜውን ይቆጥራል፣ ለሠዓሊዎቹም ያካፍላል። ሃና ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ ቆጠራውም የሙዚቃ ምት ላይ የቆመ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። በየ12 ፍሬሙ አንድ ምት ካለ በደቂቃ 120 ምት ይሆናል። በየስምንቱ ከሆነ 180 ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙ ሳይሳል በፊት የእርምጃው፣ የምቱና የመውደቂያው ቦታ ታውቋል። ሙዚቃ አቀናባሪው ስኮት ብራድሌይ ሁለቱ ለሆሊውዱ ስቱዲዮ ለኤም ጂ ኤም የሠሯቸውን የቶምና ጄሪ ፊልሞች ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠርቷል። ኦርኬስትራው በዚያ ቆጠራ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ከአዝማሪው ማሲንቆ ጋር የሚመሳሰለውም እሱ ነው፤ ሥዕሉ ሲቆም ክፍተቱን ይይዛል። ስለዚህ ምስሉን መሐል ላይ ስትቆርጡ ሙዚቃውም አብሮ ይሰበራል። የተቆረጠውን ቅጂ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት። ዜማው እግሩን እንደተመታ ያነክሳል።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ይህኛው በተማሪዎችም ዘንድ አለ፤ ስለዚህ ተመልካችን ብቻ አልወቅስም። ታይሚንግና ስፔሲንግ አንድ አይደሉም። ታይሚንግ ስንት ፍሬም ይፈጃል የሚለው ነው። ስፔሲንግ በእነዚያ ፍሬሞች ውስጥ ሥዕሎቹ ምን ያህል ተራርቀው ወይም ተጠጋግተው ተቀመጡ የሚለው ነው። የቶም ክንድ ከላይ ወደ ታች በ12 ፍሬም ይወርዳል እንበል። ሥዕሎቹን እኩል ብናራርቃቸው ክንዱ ሕይወት የሌለው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ አጠጋግተን የመጨረሻዎቹን ሦስት ብናራርቃቸው ድንገተኛ ምት ይሆናል። ሁለቱም ግማሽ ሰከንድ ናቸው። አንደኛው ዘገምተኛ፣ ሌላው መብረቅ ሆኖ ይታያል። «ፈጣን ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው ስፔሲንጉን ነው። እሱን የሚሠሩት ደግሞ እንደ ኬኔት ሙስ፣ አይርቨን ስፔንስና ሬይ ፓተርሰን ያሉ አኒሜተሮች ናቸው። ምስጋናውም ለእነሱ ይገባል።

ፍጥነት ብቻውን እንደማያስቅ ማረጋገጫ ካስፈለገ እ.ኤ.አ. በ1961 እና 1962 የወጡት 13 የቶምና ጄሪ ፊልሞች አሉ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂን ዳይች ፕራግ ውስጥ ያሠራቸው ናቸው። ብዙ ተመልካች አይወዳቸውም። ምክንያቱን ሲናገር «ታይሚንጋቸው ቀርፋፋ ነው» ይላል። እንደገና እዩአቸው። ብዙ ቦታ እንቅስቃሴው ፈጣን ነው፤ እንዲያውም ይቆራረጣል። የጎደለው ከምቱ በፊት ያለው ዝግጅትና ከምቱ በኋላ ያለው ፊት ነው። ቶም ይመታል፣ ይወድቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኛ አልደረስንበትም። ስለ እነዚህ ፊልሞች ፍርድ ስትሰጡ ግን በጀታቸው በጣም ትንሽ እንደነበረ፣ የፕራግ ሠዓሊዎቹም ቶምና ጄሪን ከዚያ በፊት እምብዛም እንዳላዩ አስታውሱ። በማያውቁት ዓለም ውስጥ የሠሩ ጎበዝ እጆች ነበሩ።

ገንዘብ ማነሱም ብቻውን ታይሚንግን አይገድልም። ኤም ጂ ኤም የአኒሜሽን ስቱዲዮውን እ.ኤ.አ. በ1957 ዘጋ። ሃናና ባርቤራ ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ። እዚያ የሥዕሉ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ገጸ ባሕሪው ይቆማል፣ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እነዚያ ፕሮግራሞች የተመልካቹን ፍቅር ያገኙት በሥዕል ብዛት አይደለም። መቼ እንደሚቆሙ የሚያውቅ ሰው ነበራቸው።

አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ የምጨምራቸው ነገሮች አሉ። የምታዩት ቅጂ ራሱ ታይሚንጉን ሊቀይረው ይችላል። የእኛ አገር ቴሌቪዥን ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት የፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የ24 ፍሬም ፊልም ብዙ ጊዜ በ25 ይሮጣል። የሰባት ደቂቃ ፊልም 17 ሰከንድ ገደማ ያጣል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። «ልጅ ሆኜ ሳየው ይፈጥን ነበር» የሚል ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል።

በብሉቱዝ ማዳመጫ የምታዩም አላችሁ። ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። አንዳንድ መተግበሪያ ያስተካክለዋል፣ አንዳንዱ አያስተካክለውም። 200 ሚሊሰከንድ አምስት ፍሬም ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ወጥመዱ ሲዘጋ ድምፁ አምስት ፍሬም ዘግይቶ ከደረሰ ቀልዱ ሞቷል። ስለ ታይሚንግ ከመፍረዳችሁ በፊት በሽቦ ማዳመጫ ወይም በስልኩ ድምፅ ማጉያ ስሙት።

ከሁሉም የሚብሰኝ ፊልሙን ወደ 60 ፍሬም «ያለሰለሱት» ቅጂዎች ናቸው። ሶፍትዌሩ በሁለት ሥዕሎች መሐል ያልተሳለ ሥዕል ይፈጥራል። ሠዓሊው ሆን ብሎ ያራራቃቸውን ይሞላቸዋል። ያ ድንገተኛ ምት የምንለው ነገር የተሠራው ከዚያ ባዶ ነው። ሲሞላ ክንዱ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል፤ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። አሮጌ አኒሜሽን ስታዩ አጥፉት።

ያ የሐኪሙ ጽሑፍም አለ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ የሚቆየውም እንግሊዝኛ በፍጥነት ለሚያነብ ሰው በቂ የሆነውን ያህል ነው። እኛ አገር ያደግን ብዙ ልጆች ፊልሙን ያየነው ማንበብ ሳንችል ነው። የቀረው ሁሉ ያለ ቋንቋ ገብቶናል፣ እሷ ግን አምልጣናለች። ትርጉም ከሥር የሚጽፍ ሰው ይህን ይወቅ፤ አማርኛው ለመነበብ ከተሰጠው ፍሬም በላይ ካስፈለገው ማሳጠር ያለበት አማርኛውን ነው።

የአስተያየት ሰጪው የመጨረሻ መከራከሪያ ይህ ነበር። «የዛሬ ተመልካች ትዕግሥት የለውም፤ ዝምታ ሲያይ ያልፈዋል።» ይህን ለመፈተን ሌላ ትዕይንት አለ። ቶም የአይጥ ወጥመድ ላይ አይብ ያስቀምጣል። ጄሪ አይቡን ይወስዳል፣ ወጥመዱ አይዘጋም። ቶም ይመጣል፣ ወጥመዱን ይመረምራል፣ ይነካዋል። ያኔ ይዘጋበታል። ቶም ሲመረምር ያለውን ጊዜ ትንንሽ ልጆች አጠገብ ተቀምጣችሁ እዩት። ቪዲዮ በጣታቸው ሲያሳልፉ የሚውሉ የዛሬ ልጆች ናቸው። እዚያ ላይ አያሳልፉም። «እንዳትነካው!» ብለው ይጮኻሉ። የሚጮኹት ለመጮኽ ጊዜ ስለተሰጣቸው ነው። በተቆረጠው ቅጂ ላይ የቶም ጣት ወጥመዱ ላይ የሚደርሰው ልጁ አፉን ሳይከፍት ነው።

ማሳጠር ወንጀል አይደለም። ለማስተማሪያ፣ ለማስታወቂያ፣ ለሰላምታ መላኪያ ሰው ይቆርጣል። ግን «ያጠረ ቅጂ» በሉት። «ታይሚንጉ የተስተካከለ» አትበሉት። የቢል ሃናንም ስም ከሥሩ አታድርጉ፤ ያንን ቆጠራ እሱ አልቆጠረውም።