አባይ በረሃን በፎሌ? መኪና የሚጎዱ የሰፈር ምክሮች

ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ገዛሁ ካልክ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ ስለ ዘይት፣ አንዱ ስለ ጎማ፣ ሌላው ደግሞ አባይ በረሃን እንዴት እንደምትወርድ ሊያስተምርህ ይመጣል። አንዳንዱን ሰምቼ ዋጋ ከፍያለሁ።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርግ፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥተህ መኪናዋን በነፃ መልቀቅ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ፎሌ ካደረግህ መኪናዋን የያዛት ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን በጣም ሲግል ሸራው መያዝ ይተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ እግርህ ሥር ላልቶ ይገባል። ቁጠባውም ቢሆን ውሸት ነው። ኢንጄክሽን ያለው (ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት) መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል፣ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ድሮ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩት ጎረቤቴ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። አውቶማቲክም ቢሆን ዲ ላይ አትተወው፣ ዝቅ አድርገው።

«ሲግል የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃ ሙላ»

ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚህ ምክር ነው። ወደ ደጀን ስወጣ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቆምኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ትንሽ ጠመዘዝኩት። ፉሽ! አለና የፈላው ውሃ እስከ ክርኔ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም አይፈላም። ስትከፍተው ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል። እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው አለ፤ ማርቆስ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይወጣል።

መርፌው ከፍ ከፍ ሲል ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈት። አንተ ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ሞተሩ ግን ሙቀት ይቀንስለታል። ቀዩ ውስጥ ከገባ ጥግ ይዘህ አጥፋና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ (ዝንጀሮዎቹን እያየህ፣ ሙዝ ካለህ ግን መስኮቱን ዝጋ)። ውሃው ባለቀበት ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል። የቧንቧ ውሃ ለችግር ቀን ነው፤ ለዘወትሩ ዝገት የሚከላከለውን ኩላንት ተጠቀም።

«ጠዋት 20 ደቂቃ ሳታሞቅ አትንቀሳቀስ»

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንስማማም። የማርቆስ ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ግን ለዛሬ መኪና አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በቀስታ ስትነዳት ራሷ ትሞቃለች። ቆማ ስትንደቀደቅ ነዳጅ ትበላለች እንጂ ቶሎ አትሞቅም።

«ዘይቱ ጠቁሯል፣ በቃ ተበላሽቷል»

የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ጥቀርሻውን እያጠበ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ማለት ነው። በኪሎ ሜትርና በጊዜ ቀይረው። መለኪያ ዘንጉን ስትመዘው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየህ ግን ደንግጥ፣ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

«ለበረሃው ጎማውን አስተንፍሰው»

የሚፈነዳው እኮ ብዙ ጊዜ የጎደለው ነው! ንፋስ ያነሰው ጎማ እየተጣጠፈ ይግላል። ልኩ የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፣ ለጎሚስታው እሱን ንገረው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ጠዋት ሳትነዳ አስለካ።

«ቼክ ኢንጅን ከበራ የባትሪውን ገመድ ንቀል»

መብራቱ ይጠፋል፣ ብልሽቱ እዚያው ነው። መካኒኩ በማሽን የሚያነበውንም መረጃ አጠፋህበት። ቢጫው ዝም ብሎ ከበራና መኪናዋ ደህና ከሄደች ቀስ ብለህ ጋራዥ ድረስ መንዳት ትችላለህ። እየሄድክ ቀይዋ የዘይት ምልክት ከበራች ግን «ደምበጫ ስደርስ አሳየዋለሁ» አይባልም። እዚያው ጥግ ይዘህ ሞተሩን ታጠፋለህ።